ከባዳ ማዶ

እናንተ ባልና ሚስት፣ ስማችሁን ወረቀት ላይ አይቼዋለሁ፤ እዚህ ግን አልጽፈውም። እኔ የሚጣ አክስት ነኝ፤ የእናቷ ታላቅ እህት። የምጽፍላችሁ ከሁሩታ ነው። ከአዳማ አሰላ የሚወስደውን መንገድ ኢተያ ላይ ትቶ ወደ ፀሐይ መውጫ የታጠፈ ሰው ያገኛታል። በስተደቡባችን ባዳ ተራራ አለ። ክረምት ላይ ጉም ይውጠውና ተራራ ያለበት አገር አይመስልም፤ ጥቅምት ሲጠባ ደግሞ እጅ ቢዘረጉለት የሚደረስበት ይመስላል። ታች ሜዳው ስንዴ ነው፣ ከፍ ሲሉ ገብስ። ኅዳር ላይ ኮምባይነሩ እየጮኸ ማሳ ሲገባ አገሩ ጭድ ጭድ ይሸታል፤ ልጆች ከኋላው እየሮጡ ይከተሉታል። አብራቸው ስትሮጥ ማደግ የነበረባት አንዲት ልጅ እናንተ ዘንድ አደገች።

ጠዋት ማታ ሳየው ባዳን አሻቅቤ፣
ልጄን ባዳ ጋርዷት ተቃጠለ ልቤ።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ቡና ስወቅጥ። እናቴ አማርኛ አትናገርም፤ የእሷ እንጉርጉሮ በኦሮምኛ ነው፣ ከኔ ይልቅ የረዘመ፣ ከኔ ይልቅ ዝግ ያለ። አንዳንድ ማታ ሁለታችንም በየቋንቋችን እናንጎራጉራለን። የምንጠራት ግን አንዲቱን ልጅ ነው።

እዚህ አገር ሰው ሲሞት የሚደረገው ይታወቃል። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ጎረቤት አብሮ ይቀመጣል። እህቴን እንዲያ አድርገን ቀበርናት። ሚጣ የሄደች ለት ግን ድንኳን አልተተከለም። ሰው በራችን ላይ ቆም እያለ «እንኳን ደስ አላችሁ፣ አለፈላት» ብሎ አለፈ። እናቴ «አሜን» ትላለች፤ ምን ትበል? በሩ ሲዘጋ መደቡ ላይ ቁጭ ትልና የሚጣን የላስቲክ ጫማ ጭኗ ላይ አድርጋ ታብሰዋለች። ጭቃው ደርቆ ከረገፈ ሰንብቷል፤ የሚታበስ ነገር የለውም። እሷ ግን በነጠላዋ ጫፍ መርገጫውን፣ ጎኑን፣ እንደገና መርገጫውን። እንዲህ ላለው ሐዘን እድር የለም። አርባ የለውም፣ ሙት ዓመት የለውም፤ «በቃችሁ፣ አሁን ተነሡ» ብሎ እጃችንን ይዞ የሚያስነሣን ሽማግሌም አልመጣም።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ለእናንተ የተነገራችሁ ሌላ ሊሆን ይችላልና። ሚጣ ገና ጡት ሳትጥል እህቴ ታመመች፣ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። የልጅቷ አባት ሥራ ፍለጋ ብሎ እንደወጣ ቀረ። ልጅቷን እናቴ ያዘች፤ እኔ በአስተማሪ ደመወዜ ከጎኗ ነበርኩ። ችግር ነበረብን፣ አልዋሽም። የ2000 ዓ.ም. ኑሮ ውድነት የደረሰበት ሰው ያውቀዋል፤ ስንዴ በሚታፈስበት አገር ስንዴ መሸመት አቃተን። ላም አልነበረንም። እናቴ ለሚጣ አጥሚት ታጠጣታለች፤ ወተት የምትገዛው ስትታመም ብቻ ነበር።

አንድ ቀን በሞተር ሳይክል ሰው መጣ። ከድርጅት ነኝ አለ። እናት የሞተችበትን ቤት ማን እንደነገረው እንጃ። «ትማራለች፣ በየዓመቱ ፎቶዋ ይመጣላችኋል፣ ስታድግ ተመልሳ ትጦራችኋለች» አለን። እናቴ ዝም ብላ ሰማችው። «ጉዲፈቻ ነው» ሲላት ግን ፊቷ ተፈታ።

ጉዲፈቻ ለእናቴ የአገሯ ወግ ነው፤ ስታየው ነው ያደገችው። ያልወለደች ከወለደች ትወስዳለች፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ይመረቃል። ልጁ የወሰደው ሰው ልጅ ይሆናል፤ ከአብራኩ ከወጣው አያንስም፣ ይወርሳል፣ በአባትነት ይጠራዋል። የወለዱት ደግሞ አይጠፉም። ሲታመም ይጠራሉ፣ በዓል ሲሆን ይመጣሉ፣ ሲያገባ ሁለቱም ወገን ቆሞ ይመርቃል። አማራውም የራሱ አለው፤ ማር የተቀባ ጣት አጥብቶ የጡት ልጅ ያደርጋል፤ ያም ሆኖ የወለደች እናት አትካድም። እናቴ የፈረመችው ይህን ብላ ነው። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ወረቀቱ ላይ ስታሳርፍ የታያት ለሙት ልጅ እናትና አባት ሲጨመርላት ነበር። ከልጅቷ ላይ የሚቀነስ ሰው አልታያትም።

ፈረንጅም አትፈራም ነበር። በወጣትነቷ አይታቸዋለች። በ1959 ዓ.ም. ስዊድኖች ከመንግሥት ጋር ሆነው ካዱን፣ የጭላሎን የእርሻ ልማት ድርጅት፣ አሰላ ላይ ሲያቋቁሙ የተሻሻለ ዘር መጣ፣ ማዳበሪያ በብድር መጣ፣ ወተት የሚሰጡ ዲቃላ ጊደሮች መጡ። ከዚያም ስንዴው ሲያተርፍ ባለርስቶቹ ትራክተር እያስገቡ ጭሰኛውን ከመሬቱ ነቀሉት፤ ስዊድኖቹ ይህን አስበውት አልነበረም፣ ሆነ እንጂ። እናቴ ሁለቱንም ታስታውሳለች፤ ጊደሩንም፣ የተነቀሉትንም ጎረቤቶቿን። ቢሆንም ጊደሩ ይበልጥባታል። ፈረንጅ ሲባል በዓይኗ የሚመጣው ያ በገመድ እየተሳበ ደጃፍ የሚደርስ ጊደር ነው። እኔ ግን እዚህ ላይ አንጀቴ ይላወሳል። በእናቴ ዘመን ፈረንጅ የአርሲ ልጅ ወተት እንዲጠጣ ጊደር አመጣ። በእኔ ዘመን ልጁን ራሱን ወሰደ። እናንተ ለጉዞው፣ ለወረቀቱ፣ ለድርጅቱ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከፈላችሁ። በዚያ ገንዘብ ስንት ጊደር እንደሚገዛ ማስላት አልፈልግም። ለእኛ አንዲት ብቻ ትበቃን ነበር።

አዲስ አበባ የተገናኘንበትን ክፍል ታስታውሱት ይሆናል፤ በ2001 ዓ.ም.፣ ከፋሲካ በኋላ። ሚጣን ጥለት ያለው ቀሚስ አልብሰዋት ነበር፤ እኛ ያልገዛነው፣ ለፎቶ የሚለበስ፣ እጅጌው ለእሷ የሚረዝም። አንተ ወንድሜ፣ እጅህን የት እንደምታደርገው ጨንቆህ ነበር። አንዴ ኪስህ ውስጥ፣ አንዴ ጉልበትህ ላይ። አንቺ እህቴ፣ አልበም ይዘሽ መጣሽ። ቤታችሁን፣ ውሻችሁን፣ በረዶ የለበሰ ጓሯችሁን አሳየሽን። አንድ ፎቶ ላይ አልጋ አለ፣ ሮዝ አንሶላ የተነጠፈበት፣ ማንም ያልተኛበት። ያን ጊዜ ሆዴ ባባልሽ። ያን አልጋ አንጥፎ ዓመት ሙሉ በባዶው ማየት ምን እንደሆነ ልቤ ነገረኝ። ስንት ወረቀት ሞልታችሁ፣ ስንት ሰው ቤታችሁን ፈትሾ፣ ስንቴ «ትንሽ ጠብቁ» ተብላችሁ፣ ከዚያ አንድ ቀን የአንዲት ልጅ ፎቶ፣ ከሥሩ ኪሎዋና ቁመቷ ተጽፎ ደረሳችሁ። ፎቶውን ደረትሽ ላይ እንዳደረግሽው አልጠራጠርም። የእናንተን ደስታ አልነቅፍም። እኛ ያለቀስንበትና እናንተ የሳቃችሁበት ነገር አንድ ልጅ ነው፤ ከሳቃችሁ ላይ እንባችንን ልጨምርበት አልመጣሁም። ግን ማወቅ አለባችሁ።

እናቴ ጭኮ ይዛ መጥታ ነበር። ሌሊቱን ስታሸው ያደረችው ነው። ገብሱን ቆልታ፣ አስፈጭታ፣ ቅመም የገባበትን ቅቤ እያቀለጠች ጠብ ጠብ፣ እንደገና በመዳፏ እሽት፣ ዱቄቱ ቅቤውን ጠጥቶ እስኪለሰልስ። አርሲ ላይ ለመንገደኛ የሚያዝ ስንቅ እሱ ነው፤ ብዙ ቀን ቢቀመጥ አይበላሽም። አንቺ በሁለት ጣትሽ ቆንጥረሽ ቀመስሽ፣ ዓይንሽ እንባ አቀረረ። እናቴ ይህን አይታ ወደደችሽ። እስከ ዛሬ ስላንቺ ክፉ ሲነገር አትወድም። «ጭኮዬን በልታለች» ትላለች።

ከዚያ ተነሥታ መረቀቻችሁ። አስተርጓሚው ኦሮምኛ አይችልም ነበር፤ እኔ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነገርኩት። ያለችው ይህ ነው፦ «ቤታችሁ ይሙላ። ዕድሜ ይስጣችሁ። ልጄ ልጃችሁ ትሁን። ከእናንተ አትለይ፣ ከእኛም አትጥፋ። አገራችሁን ንገሩን፣ አገራችንን አሳዩአት። ጡሩን አንልም። ስንሞት ግን ትስማ።» አስተርጓሚው ሰዓቱን አየና በእንግሊዝኛ አጭር ነገር ተናገረ። ለመስማት የሚበቃ እንግሊዝኛ አላጣሁም፤ «ታመሰግናችኋለች፣ እግዚአብሔር ይባርካችሁ ትላለች» ነው ያላችሁ። አፌን ስከፍት ፎቶ አንሺው «ጠጋ ጠጋ በሉ» አለ። ሁላችንም ጠጋ አልን። ያ ፎቶ ቤታችሁ ካለ ልብ ብላችሁ እዩት፤ እናቴ ወደ ካሜራው አታይም። መልስ እየጠበቀች እናንተን ነው የምታየው።

የኢትዮጵያ ሕግ ከእናቴ ጋር ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ በአንቀጽ 183 የጉዲፈቻ ልጅ ከወለደው ቤተሰብ ጋር ያለውን ትስስር እንደያዘ ይቆያል ይላል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን የአሳዳጊው ቤተሰብ ይቅደም ይላል፤ ይቅደም፣ እናቴም ይቅደም ነው ያለችው። እናንተ የቆማችሁበት ፍርድ ቤት ልጅቷን የሰጣችሁ በዚህ ሕግ ነው። ውቅያኖሱን ስትሻገሩ ግን ሌላ ሕግ ተቀበላችሁ። በእናንተ አገር ጉዲፈቻ የድሮውን ዘመድ ፈጽሞ ይቆርጣል፤ አዲስ የልደት ምስክር ወረቀት ይወጣል፣ እናት በሚለው ቦታ ያንቺ ስም ይጻፋል። እህቴ የወለደችበት ሌሊት፣ ያማጠችበት ቤት፣ እትብቱ የተቀበረበት የጓሮ ጥግ ከወረቀቱ ወጣ። እኔ ሕግ አዋቂ አይደለሁም። ግን አንድ ልጅ በአንድ አገር ሁለት ዘመድ ኖሯት በሌላው አገር አንዱን የምታጣበት፣ መካከል ላይ ማንም «ቆይ፣ እነዚህ ሰዎች ይህን ያውቃሉ?» ብሎ ያልጠየቀበት ነገር ሌሊት ያነቃኛል።

ለጉዲፈቻው በቀረበው ማመልከቻ ላይ ደግሞ «ዘመድ የላትም» ተብሎ ተጽፎ እንደነበር በኋላ ሰማሁ። እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ነበር እኮ።

ከሄደች በኋላ ሁለት ፎቶ መጣልን። በመጀመሪያው ብስክሌት ላይ ናት፣ ቀይ የራስ ቆብ አድርጋ፣ የፊት ጥርሷ ወልቆ። እናቴ ፊቷን ብዙ አላየችም። ዝቅ ብላ ጉልበቷን ፈለገች። ከምድጃው ድንጋይ ላይ ወድቃ የተላጠችበት ጠባሳ አለ፤ እሱን ስታገኘው «እሷው ናት» አለችና ሳመችው። ከጀርባው የተጻፈው አዲሱ ስሟ ነበር። አነበብኩላት። ሁለት ሦስቴ አስደገመችኝና ምላሷ ሊዞርላት አልቻለም። «ለኔ ሚጣ ናት» አለች። ሁለተኛው ፎቶ ላይ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆማለች፣ ቦርሳዋ ከጀርባዋ ይበልጣል። ከዚያ በኋላ የመጣ የለም።

ስለ እሷ ሪፖርት ይላክ እንደነበር ግን አውቃለሁ። ደንቡ ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው በየዓመቱ፣ ከነፎቶው ወደ ኢትዮጵያ መንግሥት ይላካል። እናንተ ሰው ናችሁ፣ የልጅቷን ቁመት፣ ትምህርቷን፣ ጤናዋን ጽፋችሁ ልካችሁ ይሆናል፤ ይህንንም አስባለሁ። «ለአያቷ ይነበብላታል» ብላችሁም ይሆናል። አንድ ቢሮ ሄጄ ጠየቅሁ። ወደ ሌላ መሩኝ። እዚያም ፋይሉ የሚገኘው በልጁ አዲስ ስም ነው አሉኝ፤ አዲሱን ስም ነገርኳቸው፣ የአሳዳጊ አባቷ ስም ያለበት ደብዳቤ አምጪ አሉኝ። ልጅቷን ያገናኘን ድርጅት በሩን ዘግቷል፤ ቤቱ አሁን የፈርኒቸር መሸጫ ነው። የልጃችን ዕድሜ በየዓመቱ እየተጻፈ፣ እየታሰረ፣ አንድ መደርደሪያ ላይ አለ። ሁሩታ አልደረሰም።

ስንዴው ታጭዶ አልቆ ጎተራ ሲገባ፣
የኔ ዓይን ብቻ ነው የማያጣው እንባ።

የሃናን ነገር የሰማን ለት የሆነውን ልንገራችሁ። ሃና ዊልያምስ በ2000 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ወደ ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት የተወሰደች ልጅ ናት። ግንቦት 2003 ዓ.ም. በአሳዳጊዎቿ ጓሮ፣ በዝናብና በብርድ፣ ከስታ መንምና ሞተች። ፍርድ ቤቱ በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እናቲቱን ወደ 37 ዓመት፣ አባትየውን ወደ 28 ዓመት ፈረደባቸው። ዜናውን ለእናቴ ላለመንገር ነበር የፈለግሁት፤ ጎረቤት ቀደመኝ። እናቴ ጩኸት አላሰማችም። ሻንጣ ውስጥ ያስቀመጠችውን የብስክሌት ፎቶ አውጥታ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ክንዷን መረመረች፣ አንገቷን፣ ጉንጯን፤ የከሳች እንደሆነ፣ የተመታች እንደሆነ። ፎቶው ግን የተነሣው ከዓመታት በፊት ነው። «ደህና ናት፣ ጉንጯ ሙሉ ነው» አለችኝ። እኔ እናንተን በዚያ ዓይን አይቻችሁ አላውቅም፤ አላምንም። ግን የእናንተን ደግነት የምናውቀው በአንድ ቁንጥር ጭኮ ነው። አንዲት ደብዳቤ ያን ሌሊት ታሳልፈን ነበር።

ብዙ ናቸው የሄዱት። በፈረንጆች 2010 ብቻ ከ2,500 የሚበልጡ ልጆች ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ተወሰዱ፤ በዚያ ዓመት ከቻይና ቀጥሎ ብዙ ልጅ የሰጠነው እኛ ነን። ወደ ስፔን፣ ወደ ጣሊያን፣ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ሰሜን አውሮፓ የሄዱትን ሳይጨምር ነው። የኤድስ ዘመን ብዙ ቤት አፍርሶ ነበር፤ በእውነት ማንም የሌላቸው ልጆች ነበሩ፤ እነዚያን ያነሣ ሰው ዋጋው በሰማይ ነው። ግን ከቁጥሩ ውስጥ ስንቷ እንደ ሚጣ አያትና አክስት ያላት እንደነበረች እግዚአብሔር ይወቀው። መጋቢት 2003 ዓ.ም. መንግሥት በቀን እስከ 50 ያስተናግድ የነበረውን ፋይል ወደ 5 አወረደው። ሚያዝያ 2009 ዓ.ም. ጨርሶ አቆመው። ጥር 2010 ዓ.ም. ፓርላማው የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ ለውጭ ዜጋ የሚሰጥ ጉዲፈቻን ከለከለ። ልጆች በአገራቸው፣ በወጋቸው ይደጉ ተባለ።

ትክክል ነው እላለሁ። ከዘገየ በኋላ ትክክል። በሩ ሲዘጋ ግን በዚያ በር የወጡት ልጆች ከውጭ፣ እኛ ከውስጥ ቀረን። ከእንግዲህ አይውጣ ያለ ሕግ የወጣውን ስለ መፈለግ ምንም አላለም። በሌላውም ዓለም ነገሩ እየተነሣ ነው፤ ሆላንድ በፈረንጆች 2021 ከውጭ ልጅ መውሰድን አገደች፤ የካዱዎቹ አገር ስዊድን የራሷ አጣሪ ኮሚሽን በ2025 ይቁም ብሎ መከራት። ያደጉት ልጆች ናቸው የጮኹት። «ወረቀታችን እውነት አይደለም» እያሉ።

ሼፍ ማርከስ ሳሙኤልሰንን ታውቁት ይሆናል፣ ኒው ዮርክ ሬስቶራንት ያለው። ኢትዮጵያ ውስጥ ካሳሁን ተብሎ የተወለደ ነው። እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ስትሞት ገና ሕፃን ነበር፤ እሱንና እህቱን የጎተንበርጎቹ ባልና ሚስት፣ አን ማሪና ሌናርት ሳሙኤልሰን፣ ወስደው አሳደጓቸው። በፍቅር እንዳሳደጉት ሁልጊዜ ይናገራል። አባቱ በሕይወት እንዳለ ያወቀው ግን ራሱ ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ነው። መጥቶ አገኘው፤ እህት ወንድሞቹንም አገኘ። ይህን ለእናቴ ስነግራት ስለ ዝናው ግድ አልሰጣትም፤ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ «አሳዳጊዎቹ ከፋቸው?» ከፋቸው ሲባል አልሰማሁም አልኳት። «ታዲያ» አለች። ከዚያ ወዲያ ነገር አልጨመረችም፣ ጥጧን መፍተሏን ቀጠለች።

ያቺ «ታዲያ» ለእናንተ ነች። ልጅቷን መልሱ ያላችሁ የለም። የእናንተ ልጅ ናት፣ እናቴ መርቃ የሰጠቻችሁ። እሷ ከእኛ ጋር መተዋወቋ ከእናንተ ላይ የሚወስደው ነገር ምን አለ? ፍርሃት እንዳለባችሁ እገምታለሁ፤ ገንዘብ ይጠይቁናል ብላችሁ፣ ልጅቷ ትከፋለች፣ ልቧ ይከፈላል ብላችሁ። ገንዘብ አንጠይቅም። ልቧ ግን እናንተ ብትነግሯትም ባትነግሯትም ተከፍሏል፤ በአራት ዓመቷ የሄደች ልጅ ናት፣ የአያቷን ሽታ ታውቃለች። መጀመሪያ ሰሞን ሌሊት እየተነሣች ስታለቅስ ምን ትል ነበር? የምትለው ቃል ገብቷችሁ ነበር? «አኮ» ስትል ሰምታችሁ ከሆነ አያቷን መጥራቷ ነው።

አሁን ደግሞ ላንቺ ነው የምጽፈው፣ ሚጣዬ። 18 ዓመት ሞልቶሻል፤ የሪፖርቱ ግዴታ አብቅቷል፤ ከእንግዲህ ስላንቺ ለማንም የሚጽፍ የለም። ስለዚህ አንቺው ትጽፊልን እንደሆነ ብዬ ነው። ልጆቻቸውን የሚፈልጉ ቤተሰቦች የሚመዘገቡበት «ቤተሰብ ፍለጋ» የሚባል መዝገብ አለ፤ አስመዝግቤሻለሁ። የእናትሽን ስም፣ የቀበሌያችንን ስም፣ የተወለድሽበትን ዓመት፣ የጉልበትሽን ጠባሳ ሳይቀር ጽፌአለሁ። በእንግሊዝኛም አስተርጉሜ ነው፤ አማርኛው ጠፍቶሽ ቢሆን ብዬ። ጠፍቶሽ ቢሆን አትፈሪ፤ ማንም አይስቅብሽም።

የምትጠይቂው ነገር ካለ መልሱ እኛ ጋ አለ። ሐኪም ቤተሰብሽ ምን በሽታ አለበት ሲልሽ ምን ትመልሻለሽ? የእናትሽ እናት ደም ግፊት አለባት፣ ስኳር የለብንም። ፀጉርሽ ግንባርሽ ላይ የሚጠቀለለው ከእናትሽ ነው። ስትስቂ አንድ ዓይንሽ ቀድሞ የሚጨፈን ከሆነ እሱም ከእሷው ነው። ዘፈን ትወድ ነበር፤ ጠላ ስትጠምቅ ታንጎራጉር ነበር፤ ትምህርቷን ስምንተኛ ላይ ነው ያቆመችው፣ በሒሳብ ጎበዝ ነበረች። አንቺን ስትወልድ ዝናብ ነበር። ተወደሽ እንደ ተሰጠሽ፣ ተጥለሽ እንዳልተገኘሽ እወቂ። ሰው ሌላ ቢልሽ ይህን ወረቀት አሳዪው። የምትመጪ ከሆነ አሳዳጊዎችሽን ይዘሽ ነይ፤ ብቻሽን አትምጪ። የእናትሽ አንድ ፎቶ ብቻ ነው ያለን፤ አሰላ ፎቶ ቤት አባዝቼ ያንቺን ድርሻ ለይቼ አስቀምጬዋለሁ።

አያትሽ አርጅታለች። ዓይኗ ደክሟል፣ ጆሮዋ ግን ደህና ነው፤ ስልክ ብትደውዪ ድምፅሽን ትሰማለች። የምትለውን እኔ እነግርሻለሁ፣ ቃል ሳልቀንስ። ለመምጣት መንገዱ ድሮ እንደነበረው አይደለም፤ ቃሊቲ መናኸሪያ ገብታችሁ የአሰላ መኪና ትይዛላችሁ፣ አዳማ ድረስ በፈጣኑ መንገድ ነው። አዳማን አልፋችሁ ዴራን፣ ከዴራ ኢተያን። ኢተያ ላይ «ወራጅ አለ» በሉ። ከዚያ ሁሩታ የሚሄድ ሚኒባስ ቀኑን ሙሉ አለ፤ ከመሸ ግን አይገኝም፣ ስለዚህ ከአዲስ አበባ በጠዋት ተነሡ።